ስድስት ሴንቲ ተኩል

ሳስካቱን ነው፤ ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፣
የወንዙ ትንፋሽ ድልድዩ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል።
እኔ ሦስት ሌሊት ሙሉ ከኮዱ ጋር ተቀምጫለሁ፣
ባለ አንድ ዓይን ፕሮግራም ላይ ሁለተኛ ዓይን እተክላለሁ።

ፕሮግራሙ የማዕድን ነው። ከስንዴው ማሳ በታች
አንድ ኪሎ ሜትር ወርደው፣ ጨው ለጨው የሚሄዱትን
የፖታሽ ዋሻዎች ያሳያል።
በማውስ ሲይዙት ይዞራል፣ ይቀርባል፣ ይርቃል፤
ግን ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ግድግዳ ሥዕል ይደርቃል።

ሲያወሩት ቀላል ነው፦ ካሜራውን ወደ ግራ
ሦስት ሴንቲ ከሩብ ገፋ አድርገህ ሣል፤
ወደ ቀኝም ያንኑ ያህል፣ በተራ።
ስድስት ሴንቲ ተኩል፤
ከብሌን እስከ ብሌን፣ አፍንጫ ዳኛ የሆነላት ርቀት።

መጀመሪያ ሁለቱንም ዓይን ወደ መሃል አዞርኩ፣
ሸውራራ አደረግኋቸው፤ ራሴን አሞኝ አደርኩ።
እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን፣ ቀጥ ብለው ይዩ አልኩ፣
መገናኘቱን ለሚያየው ሰው ትተው።

ቀጥሎ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ሰጠሁት፤
ዋሻው ተገልብጦ ወጣ፣ ኮረብታ ሆኖ አገኘሁት፣
ሩቁ ፊቴ ላይ ተደቅኖ፣ ቅርቡ ወደ ኋላ ሸሽቶ።
ጥፋቱ አንዲት የመቀነስ ምልክት ነበረች።

አርብ ጠዋት ሠራ።
ጥቁሩን መነጽር አድርጌ ዋሻው ውስጥ እጄን ሰደድኩ።
ቫለሪ አይታ ጮኸች፤ ሂሳብ ክፍሎች ሳይቀሩ
ወንበር ይዘው መጡ፣ ተራ ጠበቁ፣ ተገረሙ።

መጨረሻ ላይ ኦሬስት ገባ፤ ቀያሽ ነው፣ ለጡረታ ሁለት ወር የቀረው።
መነጽሩን አደረገ። ዝም አለ። አወለቀው።
«ግራው መስታወት ነው» አለ፣ ቅንድቡን በጣቱ ነክቶ፣
«ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ።»

አንድ ዓይን ያለው ባፈር አይጫወትም ይባላል፤
እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ካፈር በታች ውሎ ገብቷል።

ምን እንደምል ጠፋኝ።
እሱ ማውሱን ያዘ። ዋሻውን ጥቂት ወደ ግራ፣
ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ፣
እንደሚያባብሉት ሕፃን ወዘወዘው።
ቅርቡ ምሰሶ ፈጠነ፤ ሩቁ ግድግዳ ዘገየ፤
በመፍጠንና በመዘግየት መሃል የሚያየውን አየ።
«እዚህ ጋ ጣሪያው ወርዷል» አለ። «አራት ጣት ይሆናል።»
ለካን። አራት ጣት ከምናምን።
አምስት ሰው ነበርን እዚያ ክፍል፣ አሥር ዓይን፤
ከአሥሩ ያንን ያየ አልነበረም።

ማታ የብሮድዌይን ድልድይ በእግሬ ስሻገር
ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሽፋሽፍቱ በውርጭ ተጣበቀ፣
እንደተጨፈነ ቀረ።
የመብራት ምሰሶዎቹ ባጠገቤ ሮጡ፣
ከማዶ ያለው የእህል ጎተራ ቀስ እያለ ተከተለኝ፣
ጨረቃ ግን ጭራሽ አልተነቃነቀችም።
ለሷ ስንት ሴንቲ እንደሚያስፈልግ ሳሰላ
ፌርማታዬን አልፌው ሄድኩ።