የባሕር ማሰሮ

ከተማው ሐደራ ነው፤ በእናቴ አፍ ግን «አደራ»፣
ሃያ ዓመት እንዲያ ስትል አርሜያት አላውቅም።
ብሉማም ባለ ሰማያዊ ወፍ ማሰሯቸውን ሲሰጡኝ
«ሣዪያት እንጂ አትሽጫት» አሉኝ፣ በሩ ላይ ቆመው።
ከሃርቢን በባቡር፣ ከባቡር በመርከብ፣
በሱፍ ካልሲ ተጠቅልላ የመጣች ናት፤
ሁለት መቶ ዓመቷ ነው ይላሉ። እኔ አልቆጠርኩም።

እናቴ ትርንጎ፣ የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ፣
ማሰሮዋን በጥፍሯ አንዴ ኳ አደረገችና
ጆሮዋን አስጠግታ ዝም አለች።
«በጥሩ እሳት ያለፈች ናት» አለች ቆይታ፤
«የሠራትን ሰው ግን ምን ብለው ሰድበውት ይሆን?»

የሰሜን ብርሃን የሚገባበት ጠረጴዛ ላይ አኖርኳት፣
ጓደኛ ልፈልግላት ወጣሁ።
ረግረጉን እንዲጠጣ ከተከሉት ባሕር ዛፍ አንድ ዘለላ፤
ከአሸዋው ክምር የአውስትራሊያ ቢጫ ግራር፣
ማዘጋጃ ቤቱ «ወራሪ» ብሎ ግንዱን ቀይ የቀባው፤
ከፈረሰ አጥር ሥር አንድ መዳፍ ቁልቋል፣
ከሜክሲኮ መጥቶ ስሙን ለዚህ አገር ልጆች ያወረሰ።
አጥሩ የማን እንደነበር ጠየቅሁ። የመለሰልኝ የለም።

አማርኛ ደግ ነው፤ ባሕር ለተሻገረ ሁሉ
«ባሕር» ብሎ ስም ያወጣለታል፣ ከዚያ ወዲያ አይጠይቀውም።
ባሕር ዛፍ። የባሕር ማሽላ።
እንግዲህ ይቺም የባሕር ማሰሮ ትባል።
እኔ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው፣
በስድስት ዓመቴ፣ ግንባሬ ላይ ቁጥር ተለጥፎ፤
እኔንስ ምን ይበሉኝ?

ሥዕሉ ዘገየ።
ቢጫው በሦስተኛው ቀን ረገፈ፣ በትዝታ ሣልኩት።
ባሕር ዛፉ ደረቀ፣ ሽታው ቀረ፤
እናቴ ጉንፋን ሲይዛት እየመጣች ትምገዋለች።
ብሉማ በጥቅምት ሞቱ።
ልጃቸው ደወለ፣ ዋጋዋን ጠየቀኝ።
«አላለቀም» አልኩት።

እውነትም አላለቀም። ዕብራይስጡ ይህን ዓይነት ሥዕል
«ዝም ያለ ተፈጥሮ» ይለዋል። ይበለው።
ዛሬ ጠዋት ቁልቋሉን ላዞረው ባነሳው፣
ያለ አፈር፣ ያለ ጠብታ ውሃ፣ በደረቅ ሳንቃ ላይ
ሦስት ነጭ ሥር አውጥቶ
በአንዱ የማሰሮዋን እግር ነክቷል።

ብሩሼን አጠብኩ።
እንደገና ልጀምር ነው፣
ሥሩንም ጨምሬ።