ከሐረር የወረደ ሎሚ

ከዚራ ነው ቤቱ፣ ጥላው ከበዛበት፣
ጣሪያው ቀይ ሸክላ፣ ዕድሜ የወዛበት።
በብረት የተሠራ ቁጥር በሩ ላይ አለ፣
አርባ አንድ ነበረ፣ አንዱን ዝገት ጣለ፤
አራት ብቻ ቀርቶ፣ ቆጣሪ አንባቢውን በየወሩ አታለለ።

“አዲስ ተጋቢ ነን” ስንል አዴ ሚስራ ሳቁ፣
ከሁለት ወር ቀብድ በቀር ሌላ አልጠየቁ።
በሩን በእርግጫ ከፈቱ፣ ድሪያቸውን ሸጉጠው፣
“ትንሽ ዘመም ይላል” አሉን፣ የቀረውን ውጠው።

ትንሽ?
ወደ ደቻቱ ነው የቤቱ አዘማመም፤
አሸዋው ያወራ ይመስል፣ ጆሮ ሰጥቶ ዘመም።
ትርሲት ማዕድ ቤት ሆና ሽንኩርት ሲያመልጣት፣
አትከተለውም፤ ምን አስቸኮላት?
ኮሪደሩን ወርዶ አልጋ ሥር ይገባል፣
ካለፈው ሳምንት ድንች ጋር እዚያው ይተኛል።

ስም አወጣንለት፤
ማዕድ ቤቱ ሐረር፣ መኝታችን ድሬ፣
መሐል ያለው ኮሪደር ደንገጎ ነው ዛሬ።
“ሐረር ልውጣ፣ ጨው ላምጣ” ትለኛለች ማታ፤
“ፍሬን ያዢ ስትወርጂ” እላታለሁ፣ ተጋድሜ እንደ ጌታ።

ቁልፉ ደግሞ ሌላ ጉድ፤
የረድፉን ቤቶች ሁሉ አንድ ቁልፍ ይከፍታል፣
የጥንት ባቡር ሠራተኛ ከጎረቤቱ ምን ይደብቃል?
ጋሽ ዘውገ፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣
አንድ ሌሊት ተሳስተው ገቡ ከእኛ ደጅ፤
ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፣ ጫማቸውን ፈቱ፣
“እራቱስ?” አሉ ተቀምጠው፣ እንደ ባለቤቱ።
ትርሲት አቀረበች፤ አባቷን ያህላሉ።
በልተው ሲነሡ ነው፣ “ሚስቴማ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት” ያሉ።

አልጋችን ከባቡር ሆስፒታል የተጣለ፣ ባለ ጎማ ብረት፣
ሌሊት ከነእኛ ይነዳል፣ ሹፌር ሳይኖርበት።
ግድግዳው “ኳ!” ሲል ጋሽ ዘውገ ከማዶ ይስላሉ፣
ጠዋት ፈገግታቸውን በጢማቸው ሸፍነው “እንዴት አደራችሁ?” ይላሉ።

ግንቦት ገባ።
ግድግዳው እንደ ታማሚ ግንባር ተኮሰ፣
ነክረን የለበስነው አንሶላ ውኃውን ሳንተኛ ጨረሰ።
ለቬንትሌተር ብለን ያኖርነውን ብር፣
ለባጃጁ ጎማ ለወንድሜ ሰጠሁ፣ እሷን ሳላማክር።
አልጮኸችም ትርሲት። አላለቀሰችም።
ፍራሿን ጠቅልላ ሐረር ወጣች፤
“ደህና እደር” እንኳን አላለችም።

እኔ ድሬ ቀረሁ፣ ከአልጋው ጠርዝ ላይ፣
ቅዝቃዜ ሲፈልግ እግሬ ወለሉ ላይ።
ከሌሊቱ ስምንት፣ ባጃጁም ዝም ባለበት፣
ከላይ አንድ ነገር ተነሣ፣ በደንገጎ ቁልቁለት፤
ገጭ… ገጭ… በየጡቡ ስንጥቅ እየተደናቀፈ፣
ከእግሬ ጣት ደርሶ አረፈ።

ሎሚ።

በአገሩ ወግ ሎሚ የሚወረውረው ወንድ ነው፣
በጥምቀት፣ በአደባባይ፣ ያውም ደረት አልሞ።
የእግር ጣት የመታ ማን አለ?
አምልጧት ይሁን ልካው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።
ወደ ላይ ገፋሁት፤ ተመልሶ ወረደ።
ደግሜ ገፋሁት፤ ደግሞ ወረደ።
በሦስተኛው ላይ፣ ከላይ፣ የታፈነ ሳቅ ይሰማኝ ጀመር፤
ሎሚዬን ይዤ፣ በባዶ እግሬ፣ ወጣሁ ወደ ሐረር።

ሰኔ ላይ አዴ ሚስራ ግንበኛ አስከትለው መጡ።
“ወለሉ ይስተካከል፣ ቃል ነበረብኝ” አሉ፤
ግንበኛው ውኃ ልኩን ሲያጋድም፣ አረፋው ሸሸ ከመሐሉ።
“ይቅር!” አልን፣ እኔም ትርሲትም፣ ባንድ አፍ።
እሷን አዩ። እኔን አዩ።
መስኮቱ ላይ የደረቀውን ሎሚ አዩ።
ምን እንደገባቸው እንጃ፤ ግንበኛውን “ሂድ” አሉት፤
“እንግዲያው” አሉን፣ ድሪያቸውን ሸጉጠው፣
“ከሐምሌ ጀምሮ፣ ኪራዩ ላይ አምስት መቶ ጨምሩበት።”