ጋዝ በጣሳ

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው» ይል ነበር አባቴ፣
«ማን እንደሚገባበት አታውቀው።»
እኔ በሌሊት ፈረቃ፣ በወር ደመወዝ፣
ሁለት ሺህ ሜትር የሚያርቁትን እጠብቃለሁ።
በመዝገባቸው «ጥበቃ ሰባት» ነኝ፤
እንየው የሚለኝ ከአጥሩ ወዲያ ነው።

የቆምኩበት የሩዝ ማሳችን ነበር።
እዚህ፣ ከጄኔሬተሩ ሥር፣
እናቴ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ገብታ አረም ነቅላለች፤
እዚያ፣ ቧንቧው በተከመረበት፣
ጣና በነሐሴ ሞልቶ መጥቶ ይተኛ ነበር፤
ሲመለስ ቀረሶ ይረሳል፣
እኛ በቅርጫት እንለቅማለን።
ካሣው? ቆርቆሮ ሆነ።
አልዋሽም፣ ቆርቆሮው ጥሩ ነው፤
ክረምቱን ሙሉ አላፈሰሰም።
ማሽኑ ሲዞር ግን
ንዝረቱ በተረከዜ ገብቶ ጥርሴ ድረስ ይወጣል፤
ቤቴ ገብቼ ስተኛም አይወርድልኝም።

ባለፈው ጥቅምት እሳቱ ተለቀቀ፤
ከረጅሙ ብረት ጫፍ ነበልባል ተሰቀለ።
ያን ሌሊት የሰፈሩ አውራ ዶሮ ሁሉ
በስድስት ሰዓት ጮኸ፣
በስምንትም ደገመው።
ቄስ መንበሩ ነጋብኝ ብለው ወጥተው
መቋሚያቸውን እንደያዙ ደጃፋቸው ላይ ቀሩ፤
ይብራዎቹ ከደንገሉ ተነሥተው
በሐይቁ ላይ ዞሩ፣ ዞሩ፣
ማደሪያ እንደነሱት መንገደኛ።
አዛናው ታንኳውን እየገፋ
«ጥሩ ነው፣ መረቤን ያለ ባትሪ አየሁት» አለኝ፤
ቆየት ብሎ፣
«ዓሣውም አየው።»

ብርሃኑ እስከ ግድግዳችን ይመጣል፣
ከግድግዳው አያልፍም።
ጥላነሽ ለኩራዟ
ከውባንተ ሱቅ ጋዝ ትገዛለች፣ በጣሳ።
«ጋዝ ላይ ተኝተን ጋዝ በጣሳ!»
ትላለች፤ ትስቃለች፤
ከዚያ ጣሳው ስንት እንደገባ ትነግረኛለች።

ትናንት ሌሊት ቡሬ መጣች፣ ላማችን፤
በድሮው የውሃ መንገዷ፣
ግንባሯን ሽቦው ላይ አስደግፋ ቆመች።
መመሪያው ግልጽ ነው፤ እንስሳ ይባረራል።
ፊሽካዬን ነፋሁ። ዱላዬን አነሣሁ።
በቢጫ ቆቤ፣ በሚያብረቀርቅ ሰደርያዬ
አላወቀችኝም፤
ዓይኗ ውስጥ እኔ የለሁም፣ ነበልባሉ ብቻ።

ፎርማኑ ዞር እስኪል ጠብቄ
ቆቡን አወለቅሁ፤
መዳፌን በሽቦው ቀዳዳ አሾለክሁላት።
አሸተተችው፤
ናፍጣ፣ ብረት፣ የማታውቀው ቅባት።
ቆየች።
ከዚያ ላሰችው።

ላብ ጨው አለው፤
ለጨውም ይሆናል።