ከሦስተኛው መስኮት ፊት

ባንኩ ከተዘጋ አራት ወር ሆነው።
ስሙን ከግንባሩ ነቅለው ቢወስዱት፣ ጥላው እዚያው ነው፤
ፊደል ያረፈበት ግድግዳ ነጥቶ
የቀረው ጠቁሯል፣ ዝናብ ጠጥቶ።

እኔ ከማዶ ነኝ፣ ከትራም መጠበቂያው፤
ሃያ ሁለት ዓመት የወረድኩበት፣ የተሳፈርኩበት ያው።
የሮተርዳም ነፋስ ከወንዙ ተነስቶ ጃንጥላ ይገለብጣል፣
ብስክሌተኛውን አንገት ያስደፋል።
ዛሬ ግን ከመስታወቱ ጀርባ መብራት ሲበራ
ሌባ መስሎኝ ነበር፤ መንገዱን ተሻገርኩ፣ ፍርሃቴም ከኔ ጋራ።

ሰባት ሰዎች። ጫማ የላቸውም።
ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ሙዚቃም አይሰማም።
የተራ ቁጥር የምትሰጠው ማሽን ብቻ አፏን ከፍታ ቀርታለች።
አንዷ ወለሉ ላይ ተንጋላ በክርኗ ትንፏቀቃለች፤
አንዷ ግድግዳውን እንደ ሰው ትከሻ ተደግፋ ቀስ እያለች ትወርዳለች፤
ረጅሙ ልጅ ደግሞ የኔ መስኮት በነበረው፣ በሦስተኛው ፊት
ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፤ እዚያችው ሲደርስ ግን ይከዳዋል ጉልበት።

ያቺን ቦታ አውቃታለሁ።

በሩን አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ አንዲት ሽበታም፣
ቁልፍ በአንገቷ ያሰረች፣ ላቧ ያልደረቀ፣ ባትቆጣም የማትስቅም።
«ፈቃድ አለን፤» አለች፣ ወረቀት ልታወጣ፤
«አሥራ አንድ ቀን ነው፣ ፋርማሲው እስኪመጣ።»
«ወረቀቱን ተዪው፤» አልኳት፤ «አይደለሁም ተቆጣጣሪ፤
እዚያ ጋ ወለሉ ሰርጓል፤ ያ ልጅ እንዳይሰበር፣ ንገሪ።»

ዳንሱ ቆመ። ሰባቱም ተንበረከኩ፤
ጎድጓዳውን፣ ሆድ እንደሚመረምር ሐኪም፣ በጣት ነካኩ።
«ምን በላው?» አለኝ ረጅሙ፣ ዩሬ የሚሉት።
ሰው ነዋ፣ አልኩት።
ተራ የሚጠብቅ ሰው፤ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር የሚያዛውር፣
ኪራይ የያዘ፣ ጡረታ የሚያወጣ፣ ብድር ከልክለነው በተረከዙ የሚዞር።
አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ
የሟች ሚስቱን ሂሳብ የሚጠይቅ፤ ሳይዘጋው፣ ሳንቲምም ሳያወጣ።
መዶሻ ያነሳ የለም።
እብነ በረዱ ያለቀው በመቆም ነው።

ሽበታሟ ዊትስከ ዝም ብላ ቆየች።
«እጅሽስ? እጅሽ ምን ያስታውሳል?» አለች።
አፈርኩ መጀመሪያ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ወገቤም ይይዘኛል።
ከዚያ አውራ ጣቴን፣ እርጥብ ስፖንጅ እንዳለ፣ አየር ላይ ነክሬ
ቆጠርኩ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፤ ነፋስ መንዝሬ።
ሩክሚኒ የሚሏት ልጅ ጣቴን በጣቷ ተከተለች፤
ከጣቷ ወደ ክርኗ፣ ከክርኗ ወደ ጀርባዋ አወረደችው፤ መላ አካሏ ቆጠረች።
ሳቅኩ። እንባም መጣኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።
የሠራሁት ሥራ መልክ እንዳለው ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ማሞቂያው ጠፋ፤ ካፖርት ለብሰው ዘለሉ።
በስምንተኛው ሁለቱ ካዝናው ውስጥ ገብተው፣ ሳይታዩ፣ በትንፋሽ ብቻ ተጣሉ።
በአሥራ ሁለተኛው ሠራተኞች መጡ፤ ሲሚንቶ በጥብጠው
ጎድጓዳውን ሞሉት፣ በሩብ ሰዓት ለስነው።

በግንቦት ዊትስከ ጠራችኝ፤ ከወንዙ ማዶ፣
ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለት የመኪና ማቆሚያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ወለሉ ባዶ፤
ልሙጥ ከመሆኑ ብዛት፣ የፈሰሰ ውሃ እንኳ የሚሄድበት የሚጠፋው።
ዩሬ ሮጦ መጣ፤ ዘለለ፤ አረፈ፤ መካከል ሲደርስ፣ ምንም በሌለበት፣
አንድ ጣት ያህል ሰጠመ።
ስድስቱም ተራ በተራ እዚያችው ነጥብ ላይ ጉልበታቸውን ሸብረክ አደረጉ፤
የሚሄዱበት እንዳላቸው ሰዎች ሰዓታቸውን አዩ፤ ቆዩ፤ አለፉ።

ሐሙስ ነበር። ሽማግሌውን ከተመልካቹ መሃል በዓይኔ ፈለግኩ፤
ሳላውቀው አውራ ጣቴን በምላሴ አረጠብኩ።