ተራ ቁጥር አርባ አንድ

ጥር ገብቶ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሲቀረው ሦስት ቀን፣
የጦሳ ጉም ወርዶ ሲሸፍን መስኮቱን፣
አምስት ሆነን ተቀመጥን፤
አራቱ ሰፈሩን፣
እኔ እስክሪብቶውን ይዘን።

«መክፈል የማይችሉ» ይላል የቅጹ ራስጌ፤
«አርባ አባወራ ብቻ» ይላል ደግሞ ግርጌ።
ከሸዋ በር ዳገት እስከ ወንዙ ዳር
በእኛ መዝገብ ሲቆጠር
አርባ ቤት ነው ያለው ችግር።

አርባውን ለመሙላት ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን፦
ማን ላም አለው፣ የማን ጣሪያ አያፈስም፣
የማንን ልጅ አየናት አዲስ ጫማ ስትገዛ፤
ድህነትም ምስክር ካጣ አይጸድቅም።

የአርባኛው ስም ቀለም ሳይደርቅ ረህመት ገባች ነስሩን አዝላ፤
የስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ ሲያዩት ይቀልላል ከነጠላ።
«ሌሊት ደረቱ ያፏጫል፣ ንፋስ እንደገባበት ቆርቆሮ፤
ቦሩ ሜዳ ወስጄው የካርዱን ከፈልኩ፣
መድኃኒቱን ማዘዣው ላይ ትቼው መጣሁ ዘንድሮ።»

ሊቀመንበሩ ቀና አላለም፦
«እህትሽ ጅዳ አይደለች?
ሪያል የሚገባበት ቤት ድሃ አይባልም።»

«ፎዚያ?» አለች፤ «ስልኳ ከተዘጋ ረመዳን ሁለቴ ዞረ።
የላከችው አንድ ብርድ ልብስ ነው፤
እሱም ለሁለት ተቀዶ፣ ልጁ ሳያድግ አጠረ።»

«ደግሞ» አለ ሌላው፣ መነጽሩን እየወለወለ፣
«ልጁ ያንቺ አይደለም። በእናቱ ቤት ይመዝገብ» አለ።

የእናቱ ቤት!
አምስታችንም በዓይን ፈለግነው፣
ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የቀበሌ ካርታ።
የለም።
ማንም አልተነፈሰም።

ሲበተኑ እኔ ቀረሁ። ከአርባኛው ስም በታች፣
ማኅተም በሚያርፍበት ጥግ፣
በጥቃቅን ፊደል ጻፍኩት፦ አርባ አንድ፣ ነስሩ፣ ከነአክስቱ፤
ማኅተሙ ግን ሲወርድ ያረፈው እዚያው ነው፣
ሰማያዊ ክብ፣ በፊቱ።

በሳምንቱ ከከተማው ጤና መድኅን አንዲት ደብዳቤ መጣች፦
«ተራ ቁጥር አርባ አንድ አይነበብም፤ ይጣራ።»
ከዚያ ሌላ አላለች።

ይጣራ።
ደጅ ወጣሁ፤ ጉሙ ዳገቱን ይዞታል፣ ሰው ከሰው አይለይም፤
«ነስሩ!» ብዬ ተጣራሁ።
ከወዲያ ሳል መለሰልኝ፤
ከወዲህም።
ጉም ውስጥ የሚያፏጭ ደረት፣ እንግዲህ፣ አንድ ብቻ አይደለም።