ሾላውን አብራው

ከሰኞ ገበያ አይደለም የገዛሁት፤
በሁለት ወር ደመወዝ፣ በወንድሜ ልጅ እጅ፣ ከዱባይ ነው ያስመጣሁት።
ጥቁር ነው፣ ክንድ የሚያህል፣ አንገተ ደንዳና፣
ሆዱ ውስጥ ማራገቢያ ያጉረመርማል፣ ይግላልና።
መቶ ሺህ ሉመን ይላል ካርቶኑ፤ ምን ማለት እንደሆነ
የጠየቀኝ የለም፤ ያየው ሁሉ አመነ።
በቀን እንኳ ሳበራው ግድግዳ ይነጣል፤
«ይሄማ ባትሪ አይደለም» ብሏል ደሳለው፣ «ዶሮ ያስጮኻል።»

ቅዳሜ ማታ ዘጌ ዳር ድንኳን ተከልን፣
አራት የእግር መንገድ ወዳጆች፣ ቦርሳ እንደ ቀፎ ያዘልን።
እሳት አላነደድንም፤ ምን ሊያደርግ እሳት፣
ፀሐይ በቁልፍ ታስራ ስትመጣ በራት ሰዓት?

መጀመሪያ ክብራን ላይ ተኮስኩ፤ ዛፎቹ ብድግ አሉ፤
ቅጠል ለቅጠል እየተላተሙ ወፎቹ «ነጋ» አሉ።
ከዚያ ወደ ደንገሉ። ሁለት ቀይ ፍም በራ፤
ጉማሬ ነበር፤ አዛጋብኝና ጠለቀ፣ ሳይፈራ።
የጣና ትንኝ ሁሉ ብርሃኔ ላይ ፈላ፤
ደሳለው ዳቦውን ከነትንኙ በላ።
ሰማዩ ላይ ጻፍኩ። ደመናውን ቧጠጥኩ።
የሰው ጣራ፣ የሰው እንቅልፍ ነካካሁ፤ ማንን ጠየቅኩ?

ወደ አራት ሰዓት ነፋስ ተነሣ፤ ከደቅ በኩል ነበረ።
ውሃው ድምፁን ለወጠ፣ ጥርሱን ማፋጨት ጀመረ።
ከእንቦጩ ወዲያ አንድ ጥቁር ነጥብ ተናወጠ፤
አዞርኩበት፤ ታንኳ ነው፤ ሰው አለ፣ መረቡ ላይ የተቀመጠ።
«አይዞህ» አልኩ በልቤ፣ «ጨለማህን ገፈፍኩልህ፣ ጌታው»፤
ፊቱ ላይ ያዝኩት፤ አልለቀው፣ አልፈታው።
እጁን አነሣ። ሰላምታ መሰለኝ።
እኔም አነሣሁ። ኩራቱ አስፈነደቀኝ።
ታንኳው ግን ዞረ፤ ጎኑን ለማዕበል ሰጠ፤
ደግሞ ዞረ፤ ውሃ ዋጠ።

ድምፁ መጣ ከነፋሱ ጋር ተቆራርጦ፣
«አንተ ሰው... ዓይኔን... አጠፋኸው!» ግማሹ ውሃው ላይ ቀልጦ፤
«መሬቱ የት ነው? ብርሃን እንጂ ዳር አላይም!
ሾላውን አብራው! ሾላውን! እኔ የት እንዳለሁማ አላጣም!»

ሾላው ከኋላዬ ነበር። ድንኳኑን ያሰርነው ከግንዱ ነው፤
ቦርሳ ከሰቀልንበት ወዲህ ማንም ዞሮ ያላየው።
አፈርኩ። ጀርባዬን ለጣና ሰጥቼ አበራሁት፤
እንደ ሽማግሌ ጉልበት የተቋጠረ ሥሩን አየሁት፤
ፍሬው ግንዱ ላይ ተለጥፎ፣ ቀይ፣ እንደ ትኩስ ብጉር፤
ጉንዳኑ ከታች ወደ ላይ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ግርግር።
ዛፉ ራሱ መብራት ሆነ፤ እኔ ጥላ።
መቅዘፊያው ቸብ ቸብ ሲል ሰማሁ፤ ልዞር ብል ብርሃኑ ሊዞር፤ ቆምኩ፣ ክንዴ እስኪላላ።
ብረቱ መዳፌን ይለበልባል፣ ማራገቢያው ያቃስታል፤
ካርቶኑ ያልጻፈው ነገር፦ መቶ ሺህ ሉመን ስንት ደቂቃ ይቆያል?

ደረሰ። አንለይ ይባላል። ሱሪው እስከ ጭኑ ርሷል፤
ሰባት ቀረሶ፣ አንድ አምባዛ፤ የመረቡ ግማሽ እንቦጭ ውስጥ ቀርቷል።
አልተሳደበም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።
ዓይኑን አሻሸና ሾላውን መታ መታ አደረገው፣ ቀንበር እንዳወለቀ በሬ፣ በፍቅር።
«በስንት ገዛኸው?» አለኝ። ነገርኩት። ዝም አለ።
«ሦስት መረብ ነው» አለ ቆይቶ፣ እየሳለ።

እሳት ያነደደው እሱ ነው። ክብሪቱን በፌስታል ጠቅልሎ
ባርኔጣው ሥር ይዞት ነበር፣ ያን ሁሉ ማዕበል ችሎ።
የእኔ ፀሐይ ሞታ፣ ብርድ ብረት ሆና፣ ከእግሬ ሥር ተጋድማ፣
ቀረሶ በላን፤ እሾኹን ምላስ ለየው በጨለማ።

ጠዋት ሾላው ተራ ዛፍ ነው፤ ቦርሳዬ ተንጠልጥሎበታል፤
ግንዱ ላይ፣ እጁ ባረፈበት፣ የዓሣ ቅርፊት ያበራል።