ጠለፋ፦ ረቂቅ ሦስት

ከብሔራዊ ቴያትር ጀርባ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ በማይሠራበት፣ መስኮቱ ሙሉ ሰማይ፣
ወረቀት ዘርግቼ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ወንዝ እጠልፋለሁ፤ በእርሳስ፣ በዝምታ።

ስሙን እኔ አላወጣሁም፤ መሐንዲስ ቅኔ አይቀኝም።
"ወንዝ ጠለፋ" ይላል ውሉ፣ አንብቦ የሚደነግጥ የለም።

ከላይኛው ተፋሰስ፣ ዝናብ ከሚጠግበው፣
ወደ ታችኛው ቆላ፣ ጥም ወደሚያንገበግበው፣
ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ዋሻ፣ በተራራው ሆድ፣
ሦስት የፓምፕ ጣቢያ፣ አንድ ግድብ፣ አንድ መንገድ።
ከአንጓይት ወንዝ በሰከንድ አስራ አራት ሜትር ኪዩብ ይቀነሳል፤
ማዶ ይደመራል፤ ሠንጠረዡ ይዘጋል።
"ትርፍ ውሃ" የሚል ዓምድ አለ፣ በቢጫ የቀለመ፤
ትርፍ ነሽ ብሎ ሊነግራት፣ ማን ፊቷ ቆመ?

እናቴ ማንጠግቦሽ፣ በአስራ አራት ዓመቷ፣
ከምንጩ አፍ ነጠቋት፤ እንስራው ደረሰ ለእናቷ።
አፏ በነጠላ ታፍኖ፣ እግሯ በጠፍር ታስሮ፣
በቅሎው ሄደ፣ ዝናብ ለሁለት የሚከፈልበትን ሸንተረር ተሻግሮ።
ሽማግሌ የደረሰው ከሰባት ቀን በኋላ ነው፤
"የሆነው ሆኗል፣ ካሳው ስንት ነው?" ያሉት እነሱ ናቸው።
ሁለት ወይፈን፣ አንድ ጋቢ፤ አያቴ እያለቀሰ
ተቀበለ፤ ከዚያ ምንጭ ግን እስኪሞት አንድ ጉንጭ አልቀመሰ።

ኋላ እናቴ ጥልፍ ለመደች።
በትራስ ጨርቅ ላይ፣ በሰማያዊ ክር፣
ወንዝ ትጠልፍ ነበር፤
ሁልጊዜ ሽቅብ የሚፈስ፣ ወደ ተራራው የሚመለስ ወንዝ።

እኔ የዚያ ማዶ ልጅ ነኝ፤ የጠለፋው ፍሬ።
ቆላውን አውቀዋለሁ፣ አቧራው ጥርሴ ውስጥ ነው እስከ ዛሬ።
ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ ሲጋጭ፣ ድምፁን አውቃለሁ፤
ስለዚህ ግድቡ ይቅር አልልም። እሠራለሁ።

ረቡዕ፣ ስብሰባ። መጋረጃው ተዘግቶ፣
ኢንጂነር ዳምጠው ቆመ፣ ፕሮጀክተሩን አብርቶ።
በጊዜ ሠሌዳው ግርጌ፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር፦
"ከነዋሪው ጋር ምክክር"፤ ቁፋሮ በተጀመረ በሰባተኛው ወር።

ሰባት፣ አልኩ በሆዴ። ሁለት ወይፈን። አንድ ጋቢ።

በዚህ መሃል ይርገዱ ገባች፣ ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ፤
የሕንጻው ፈረቃ ሐሙስ ነው፤ ከቦቴው ስትጋፋ ውላ፣
ስድስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ "ይቅርታ" ብላ አለፈች፤
ክዳኑ ያፈስ ነበርና፣ ምንጣፉ ላይ መስመር ጣለች።
ሁላችንም ጫማችንን አነሳን።
ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ሲያዝ የዋለ ሰው ሁሉ
ከአንድ ጄሪካን ጠብታ እግሩን ሲያሸሽ፣
ሳቄን ዋጥኩት።

ማታ ቢሮው ሲራገፍ፣ ከታች የታክሲ ረዳት
"ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ሲል፣ ሠሌዳውን ከፈትኩት።
ሰማያዊዋን መስመር ይዤ ወደ ግራ ሳብኳት፤
ከቁፋሮው በፊት፣ ከጨረታው በፊት፣ ከፊርማው በፊት አኖርኳት።
ቀኑ ሁሉ ተንሸራተተ፤ ማሽኑ በቀይ ጻፈ፦
"መዘግየት፣ አስራ አንድ ወር"።
አላጠፋሁትም።
ሽፋኑ ላይ "ረቂቅ ሦስት" ብዬ፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣
"ሽማግሌ ይቅደም" ብዬ መብራት አጠፋሁ።

ጠዋት ዳምጠው ወረቀቱን ይዞ መጣ፣
"ይቺን ማን ነካት?"
"እኔ።"
መነጽሩን አወለቀ፣ በከረባቱ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ።
ቁጣ ጠብቄ ነበር።
"እምቢ ቢሉስ?" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ የእውነቱን።

ዋሻ ረድፍ አለው፤ ሲሚንቶ ረድፍ አለው፤ ካሳ እንኳ ሁለት ረድፍ አለው።
ለእምቢታ የለንም።
እርሳሴን አነሳሁና አንድ ረድፍ ጨመርኩ፤
ቀኑን አልሞላሁም፣ ቁጥሩንም፤
ሁለታችንም ባዶውን ስናየው፣

ከኮሪደሩ ጫፍ ቧንቧው ሳለ፤
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣
ከዚያ ይርገዱ በርሜሏን እየጎተተች ስትሮጥ።